የቃሬዛው ሌላኛ ጫፍ

ቃሬዛ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱን ኑርሁሴን ራሱ ይይዘዋል፤ የጨፋን ጥቁር አፈር ሲያርስ ያደገ፣ ክንደ ብርቱ ሰው ነው። ለሌላኛው ጫፍ ግን ሰው ቸገረው። ከሚሴን በሚያህል ከተማ፣ ያውም ሕዝቡ ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ወንዝ ዳር በፈሰሰበት ቀን፣ አንድ ሰው አጣ።

ቦርከና በዚያ ሚያዝያ አበደ። የበልግ ዝናብ ለወትሮው በዱዓ ተለምኖ የሚመጣ ነው። ዘንድሮ ሳይለመን መጣና በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ሌት ተቀን ወረደ፤ ወንዙም የሰው በር፣ ግንድና የሞተ በግ እያንሳፈፈ ደረሰ። ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ የጫኑ ሰዎች ከጠዋት ጀምረው «ትልቁ ጎርፍ ገና ከላይ እየመጣ ነው! ከሰዓት በኋላ ይደርሳል! ወንዝ ዳር ያላችሁ ውጡ፣ ጉልበት ያላችሁ ለካቡ ድረሱ!» እያሉ ዞሩ። በመሀል በመሀልም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ተረቱስ ጥሩ ነበር። ኑርሁሴንን ግን ከሃምሳው መሀል የቆጠረው የለም።

ካቡ የሚሠራው ከመስጊዱ ጀርባ እስከ ድልድዩ ድረስ ነው፤ ከሥር ድንጋይ፣ ከላይ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ። ከተማዋን ያድናል። ከካቡ ውጭ ከወንዙ ጋር የሚቀሩት አንድ ረድፍ ቤቶች ብቻ ናቸው፤ ውሃው ካቡን መትቶ ሲመለስ የሚያርፈውም እነሱ ላይ ነው። የእነዚያን ቤቶች ሰዎች ቅሬው ትናንትናውኑ አውጥቷቸዋል። አልጋቸውን፣ እህላቸውን፣ የጣሪያ ቆርቆሯቸውን ሳይቀር ነቅሎ፣ አቅመ ደካሞቹን በቃሬዛ ተሸክሞ ትምህርት ቤቱ ግቢ አስገባቸው። የኑርሁሴንን ቤት እንደሌለ ቆጥረው አለፉት።

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ቅሬ ግን ከዕድር ይከብዳል። እስላም ክርስቲያን ሳይል ይቀብራል፣ ያስታርቃል፣ ቤት የተቃጠለበትን ቤት ይሠራለታል። ያወጣውን ሰው ደግሞ ያወጣዋል። እሳት አይጫርለትም፣ ውሃ አይቀዳለትም፣ ሰላምታው አይመለስም፣ ሲሞት አይቀበርም። ኑርሁሴን ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከቅሬ የወጣ ሰው ነው።

ጥፋቱ ይህ ነበር። የመስኖ ፓምፑን ሰረቁት። የሰረቀው የቅሬው ዳኛ የኸይረዲን ልጅ ካሚል መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወጉ ነገሩን ሽማግሌ ፊት ማቅረብ ነው፤ የቅሬን ሰው ፖሊስ ጣቢያ የወሰደ ይወጣል። ኑርሁሴን ግን «ዳኛው የሌባው አባት ሆኖ ከሽማግሌ ምን አገኛለሁ?» ብሎ ጣቢያ ሄደ። ካሚል ታሰረ። ኑርሁሴን በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ነገሩ በካሳ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ጉባኤው መሀል ቆሞ «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» አለ፤ ሰውም ሳቀ። ኸይረዲን የልጁን መታሰር ችሎት ነበር። ያንን ሳቅ ግን አልቻለውም።

ከዚያ ወዲህ የኑርሁሴን ሚስት ፈይሩዝ እንስራ የሚያሸክማት ሴት አጣችና ባቲ ወዳለው አባቷ ቤት ሄደች። ከእሱ ጋር እናቱ ዓፊያ ብቻ ቀረች። እሷም ጭቃ አዳልጧት ወደቀችና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ከጨፋ ሮቢት የመጣ ወጌሻ በቀርከሃ አስሮ «ከታጠፈች አበቃላት። እንደ ጣውላ ተዘርግታ ትተኛ» ብሎ ሄደ። ኑርሁሴን በዚያ ጠዋት ሊያዝላት ሞክሮ ነበር፤ ገና ከመደቡ ቀና ሲያደርጋት ጮኸችና ራሷን ሳተች። ላቡ በጀርባው እየወረደ መልሶ አስተኛት። ጋሪ እንዳያመጣ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባለጋሪዎቹም የቅሬው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ቆርጦ፣ በገመድ አጥልፎ፣ ቃሬዛ ሠራ። የቅሬው ቃሬዛ መስጊድ አጠገብ ተቀምጧል፤ እሱ ሊነካው አይፈቀድለትም።

መጀመሪያ የሄደው አብሮት ወዳደገው ወደ ሙሀመድአሚን ነው። ሙሀመድአሚን አህያው ላይ አሸዋ እየጫነ ነበር።

«አካም ቡልተ፣ ሙሀመድአሚን» ሲል በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለው።

ሙሀመድአሚን ቀና አላለም። ከወጣ ሰው ጋር መነጋገር ክልክል ነው፤ ሰው ግን መላ አያጣም፣ የግድ መናገር ያለበት ለከብቱ ይናገራል።

«አንቺ አህያ፣ ዛሬ ሥራ በዝቶብናል» አለ።

«እናቴን ማውጣት አለብኝ። ቃሬዛውን ሠርቻለሁ። አንድ ሰው ብቻ ነው የምፈልገው፤ እስከ ትምህርት ቤቱ፣ ከዚያ በኋላ ዓይኔን አታይም። ማሎ፣ እባክህ ወንድሜ።»

«አህያዬ» አለ ሙሀመድአሚን፣ ድምፁ ወረደ፣ «ይሄ ሰው ነገ ሲመለስ በቁርዓን እንደሚያስምሉት ረሳው እንዴ?»

አልረሳውም። የዚያ ሰፈር ቅሬ ሕግ ነው። የወጣ ሰው የሚመለስ ቀን እስላም ከሆነ ቁርዓን፣ ክርስቲያን ከሆነ ወንጌል ይዞ፣ በወጣበት ጊዜ ማን እንደረዳው ምሎ ይናገራል። የረዳውም በእሱ ፋንታ ይወጣል። ይህን ሕግ ያወጣው ሽማግሌ ብልህ ሰው ነበር፣ አላህ ይይለት። በጨለማ ተደብቆ እንኳ ለወጣ ሰው እጁን የሚዘረጋ የለም፤ ረጂው የሚፈራው የጎረቤት ዓይን ሳይሆን የተረጂውን አፍ ነውና።

«ስምህን አላነሳም። ወላሂ አላነሳም!»

«ዛሬ በወላሂ የማለ፣ ነገ በቁርዓን ይዋሻል ወይ አህያዬ? ከሁለት አንዱን መክዳቱ አይቀርም።»

ከበሩ ውስጥ ግን የሙሀመድአሚን ሚስት ዘሃራ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ወጣች። «እኔ እይዝለታለሁ» አለች። «እናት እኮ ናት፣ ያ ረቢ! ደግሞ ምን ትከብዳለች፣ አጥንት ናት።»

«ዲሲ፣ ተይ! ግቢ!» አላት ባሏ። ለእሷ በቀጥታ ነው የተናገራት። ዘሃራ አንድ ጊዜ ኑርሁሴንን፣ አንድ ጊዜ ልጆቿን አየችና ገባች።

ከዚያ ሳምሶንን አገኘው። ሳምሶን በቅርቡ ተመድቦ የመጣ የጎርፍ መከላከል አስተባባሪ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ለብሶ ድልድዩ ላይ ስልክ ያወራል። የቅሬው ሰው አይደለም፣ የሚፈራው ነገር የለም፤ ኑርሁሴንም ለዚህ ነው ተስፋ ያደረገበት።

«ጋሼ፣ እንደሚያውቁት የወንዝ ዳር ነዋሪዎችን የማንሳቱ ሥራ በማህበረሰቡ አደረጃጀት እየተመራ ነው» አለው ሳምሶን ልመናውን ሰምቶ። «እኛ በባህላዊ ተቋማት ጣልቃ አንገባም።»

«እነሱ እኮ አያነሷትም! ወጥቻለሁ አልኩህ፣ ከቅሬ ወጥቻለሁ።»

«እሱን በሽማግሌ መጨረስ ነው። መረጃውን ግን ወስጃለሁ።»

«መረጃ አላልኩህም፣ ጌታው። አንተ ራስህ ሁለት እጅ አለህ። ና አንዱን ጫፍ ያዝልኝ።»

ሳምሶን እጆቹን ተመለከተ። እውነትም ሁለት ነበሩ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ደስ እያለው አነሳውና ጀርባውን ሰጠ።

ኑርሁሴን የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፣ እሱም ከሁሉ የመረረው። ይቅርታ መጠየቅ። በአገሩ ወግ በዳይ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ከተበዳዩ ፊት ይቆማል። ተበዳዩ «አውርዱለት» ካለ ነገሩ አለቀ። ኑርሁሴን እስካሁን ያልሄደው ተበዳዩ እኔ ነኝ ብሎ ነው፤ እውነቱንም ነበር። እውነት ግን ቃሬዛ አትሸከምም። ጫማውን አወለቀ፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ አሰረ፣ ከወንዙ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ጫነና ወደ ካቡ ሄደ።

ምስኪን፣ በዚያ ቀን ድንጋይ ያልተሸከመ ሰው እንደሌለ አላሰበም። ወንዶቹ ተሰልፈው ድንጋይ ይቀባበላሉ፣ ሴቶቹ ማዳበሪያ ውስጥ አሸዋ ይዝቃሉ፣ ዕድሜ ልኩን ሸክም የማያውቀው ባለሱቅ እንኳ ሸክም ይዞ ያቃስታል። በዚያ ሁሉ መሀል ኑርሁሴን አጎንብሶ ኸይረዲን ፊት ቆመ። ለይቅርታ መምጣቱን ያላወቀ ግን አልነበረም። ለካብ የሚሸከም ሰው በትከሻው ይሸከማል፣ ጫማውን አያወልቅም፣ አንገቱንም አይደፋም። ሰልፉ ቆመ።

«በድያለሁ» አለ ኑርሁሴን መሬት መሬት እያየ። «አውፍ በሉኝ። እናቴን አውጡልኝ።»

ኸይረዲን ቁጡ ሰው አይደለም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ጢሙን በመዳፉ ጠረገና ጎኑ ወዳለው ሰው ዞረ።

«ጥሩ ድንጋይ ነው» አለ። «እዚያ ጥጉ ላይ ካቡ ሳስቷል። ይጨመር።»

ሁለት ጎረምሶች ድንጋዩን ከኑርሁሴን ማጅራት ላይ አንስተው ካቡ ውስጥ ሰካኩት። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ብዙዎቹ። ኸይረዲንም አብሮ ሳቀ። ኑርሁሴን ቀና ሲል አንገቱ ነፃ ነበር፤ ይቅር የተባለ ሰው አንገት ይመስላል። ሰልፉ ድንጋይ መቀባበሉን ቀጠለ።

ወደ ቤቱ ሲሮጥ ውሃው መንገዱ ላይ ወጥቶ ጠበቀው። ውስጥ ሲገባ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ነው። እናቱ መደቡ ላይ ተዘርግታ ጣሪያውን ታያለች።

«አገኘህ?» አለችው።

«እየመጡ ነው፣ እማ።»

«ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«አልሃምዱሊላህ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ጎትቶ ቃሬዛው ላይ አስተኛት፣ በጋቢው ጠፍሮ አሰራት፣ በራስጌዋ በኩል አነሳና ግርጌውን መሬት ለመሬት እየጎተተ ወጣ። በሬ ሞፈር እንደሚጎትት ነው የጎተታት። የአጣናው ጫፍ ድንጋይ በነካ ቁጥር ዓፊያ ትጮሃለች፤ እሱ ቆም ይላል፣ ውሃው ይጨምራል፣ ደግሞ ይጎትታል። ትንሽ ቆይታ ጩኸቷን ተወች። አራቱ ሰዎች እንደማይመጡ ገብቷታል፤ ልጇ እንዳይሰማት ከንፈሯን ነክሳ ያዘች። ኑርሁሴን ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ከካቡ ወዲያ የሚሰማውን የሰው ሆታ እየሰማ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ያኔ ነው ግርጌው ከጭቃው ብድግ ያለው።

ዞሮ አየ። ማዳበሪያ እንደ ቆብ ደፍቶ፣ የቃሬዛውን ሌላኛ ጫፍ ይዞ የቆመው ካሚል ነው። ሌባው ካሚል፤ ኑርሁሴን ያሳሰረው። ከእስር ወጥቶ ጢም አብቅሏል።

«አያ ኑርሁሴን፣ ቀጥ አርገህ ያዝ» አለው። «እንዳትታጠፍ።»

ውሃው ወገባቸው ሲደርስ ቃሬዛውን ወደ ትከሻቸው ሰቀሉት። አንድ ጊዜ ካሚል ጉድጓድ ውስጥ ገባና አገጩ ድረስ ሰጠመ፤ ክንዶቹ ግን ወደ ላይ እንደተዘረጉ ቀሩ፣ ቃሬዛው አልተዛነፈም። ሰው ሁሉ ካቡ ላይ ስለነበር በመቃብሩ በኩል ዞረው ትምህርት ቤቱ ጀርባ ሲደርሱ ያያቸው አልነበረም። ካሚል አሮጊቷን በረንዳው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጣት።

ዓፊያ የእጁን አንጓ ያዘችው። «ሰው አያሳጣህ፣ ልጄ» አለችው። «ሰው አያሳጣህ።»

«አሚን» አለ ካሚል። ከዚያ ወደ ኑርሁሴን ጠጋ ብሎ «የፓምፑን ነገር አውፍ በለኝ፣ አያ» አለው።

«አውፍ ብያለሁ።»

«እኔንም አላየኸኝም። ሚስቴ ልትወልድ ደርሳለች፤ ከወጣሁ ውሃ የሚያቀብላት አታገኝም።»

«አላየሁህም» አለ ኑርሁሴን። ከልቡ ነበር። በዚያች ሰዓት ለካሚል ነፍሱን ቢጠይቁት ይሰጥ ነበር።

ካቡ ያዘ። ከተማዋ ዳነች። ውሃው ተመልሶ ያንን የቤቶች ረድፍ ጠራርጎ ወሰደው፤ የኑርሁሴን ቤት መሠረቱ እንኳ አልቀረም። ውሃው ሲጎድል በሬ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰው ሁሉ «ተባብረን፣ አንድ ሆነን» እያለ ራሱን አመሰገነ። በየመሀሉ ግን የዓፊያ ስም ይነሳና ወሬው ይቀዘቅዛል። እናቱን ብቻውን ጎትቶ አወጣት ተባለ። ሰው አፈረ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ደግ ሆኖ ማደር ይፈልጋል። አርብ ከጁምዓ በኋላ ኸይረዲን ቅሬውን ሰብስቦ ኑርሁሴንን አስጠራው።

«በዚያ ቀን ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ነበር፤ በጥድፊያው አላስተዋልነውም» አለ ኸይረዲን፣ ዓይኑን ሳያሽ። «ዛሬ አስተውለናል። ይመለስ። ቤት ይሠራለት። ምን ትላላችሁ?»

«ይመለስ!» አለ ጉባኤው።

ቁርዓኑ መጣ። ኑርሁሴን እጁን ጫነ። ካሚል ኋላ፣ ጫማ ከሚወለቅበት አጠገብ ቆሟል፤ መሬት መሬት ያያል።

«በወጣህበት ጊዜ ከቅሬው ሰው እጁን የዘረጋልህ አለ?» ሲል ኸይረዲን ጠየቀ። ለወጉ ያህል ነው የጠየቀው። ማን እንዳልረዳው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለማ።

ኑርሁሴን የመለሰውን የመለሰው ቁርዓኑን ፈርቶ ብቻ አልነበረም፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ እንዲያ ብሎ ያስባል፣ እሱም እንዲያ ብለው ሲያስቡለት ደስ ይለዋል። «አልምልም፣ እንደወጣሁ እቀራለሁ» ብሎ እናቱን ይዞ ወደ ሰንበቴም ወደ ባቲም መሄድ ይችል ነበር። ይህንን አስቦታል። ሊለው አፉን ከፍቶም ነበር። ግን ቀና ሲል የኸይረዲንን ፊት አየ፤ የጠገበ፣ ደግነቱ ለራሱ የጣፈጠው ፊት።

«አለ» አለ። «ካሚል። ያንተ ልጅ።»

የኸይረዲን መዳፍ ጢሙ ላይ ቀረ።

«እስቲ ደህና አድርገህ አስብ፣ ወንድሜ» አለ ኸይረዲን። ከዓመት ገደማ በኋላ ወንድሜ ሲለው የመጀመሪያው ነበር። «ዝናብ ነበር። ጎርፍ ነበር። ሰው አይለይም። መንገደኛ ይሆናል፣ ከወዲያ ማዶ የመጣ ሰው ይሆናል። የተሳሳተ ሰው ከመሐላው አይጠየቅም።»

በሩን ከፍቶለት ነበር። ወለል አድርጎ ነው የከፈተለት፤ ዳኛው በዓይኑ እየለመነው። ከሽማግሌዎቹም አንዱ «እውነት ነው፣ ዝናብ ያሳስታል» አለ። ኑርሁሴን አንድ ቃል ቢናገር ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

«አልተሳሳትኩም» አለ። «ማዳበሪያ ደፍቶ ነበር። ስሜን ጠርቶኛል። አውፍ በለኝ ብሎኛል። ካሚል ነው።»

በዚያች ቅጽበት ደስ አለው። መደበቅ አያስፈልግም፣ ደስታው እስከ ጥፍሩ ወረደ።

ኸይረዲን ለልጁ ሲል ሕጉን ቢሽር የሰፈሩ መሳቂያ ይሆናል፤ ሳቅ ደግሞ አይችልም። ተነሳና ለሌላው እንደሚፈርደው ፈረደ። እሳት አይጫርለት፣ ውሃ አይቀዳለት፣ ሰላምታው አይመለስ። እጅ ይውጣ ተባለ። ሙሀመድአሚን አወጣ፣ ሌሎቹም አወጡ። ኑርሁሴን አሁን የቅሬው ሰው ነው፤ እሱም እጁን አወጣ። ካሚል ጫማውን በእጁ እንደያዘ ወጣ፤ ሰዎቹ እንዳይነካቸው እግራቸውን እየሰበሰቡ አሳለፉት።

በዚያው ቀን ዓፊያን ከትምህርት ቤቱ ወደ ተሰጣቸው ክፍል ሲያዛውሯት ቃሬዛውን ለመያዝ ወንዱ ተጋፋ። ኑርሁሴን የሚይዝበት ቦታ እንኳ አጣ። ዓፊያ ግን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየች «ያ ልጅ የታለ? እነዚህን አላውቃቸውም» ትላለች።

ሰንብቶ፣ አንድ ጠዋት ካሚል በራቸው ላይ መጣ። ፊቱ ከስቷል። ሚስቱ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ያዋለዳት እሱ ራሱ ነው አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ በየደጃፉ ብቅ ብሎ አዲሱ የቅሬ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያያል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አያ» አለ ካሚል። «እማ ዓፊያን ልጠይቅ ነው። የምለምነውም አለኝ፤ ወተት…»

ኑርሁሴን አየው። ከዚያ አጠገቡ ለታሰረችው ፍየል እንኳ አልተናገረም። ወደ ኋላ ተመልሶ በሩን ገጠመው።

«ኑርሁሴን፣ ማነው?» አለች ዓፊያ ከአልጋዋ። «ድምፁን አውቄዋለሁ። ያ ልጅ ነው፣ አስገባው!»

«ማንም የለም፣ እማ» አላትና መቀርቀሪያውን ወረወረው።